የማይታየው መታመኛ፦ የዛፍ፣ የገመድና የደኅንነት ደንብ ታሪክ

በ1960ዎቹ መጨረሻ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር፣ ልጇ ዛፍ ሲገርዝ የሞተባት አንዲት አሜሪካዊት እናት ለዚህ ሥራ የደኅንነት ደረጃ እንዲወጣለት ጠየቀች። ጥያቄዋን ተከትሎ ዜድ 133 የተባለው የደረጃ አውጪ ኮሚቴ በ1968 ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበሰበ፤ ሰነዱም በ1972 ታተመ። ደረጃው በየጊዜው እየታደሰ እስከ ዛሬ የአሜሪካ የዛፍ እንክብካቤ ሙያ ዋና መመሪያ ሆኖ ቆይቷል። የሚዳኘው ጉዳይ ብዙ ነው፤ የኤሌክትሪክ መስመር፣ የሞተር መጋዝ፣ የማንሻ ማሽን። ከሁሉም ይልቅ በደንብ ለመገዛት አስቸጋሪ የሆነው ግን እጅግ ቀላል የሚመስለው ጥያቄ ነው፤ ሠራተኛው ሕይወቱን የሚያንጠለጥልበትን የዛፍ ክፍል በምን ይመርጣል?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል ተረቱ፤ ድሩ ስለሚታሰርበት ግንድ ግን ምንም አይልም። ገመድ ከፋብሪካ ሲወጣ ጥንካሬው ተለክቶ ይወጣል፤ ቋጠሮም ምድር ላይ ተሞክሮ ይታያል። ገመዱ የሚያርፍበት ባላ ግን በማንም አልተመረተም፤ የምስክር ወረቀትም የለውም። ስለዚህ የማሰሪያው ነጥብ ታሪክ በመሠረቱ የእውቀት ታሪክ ነው። እውቀቱ በማን እጅ ይገኛል? ለማግኘትስ ዋጋውን ማን ይከፍላል?

ብረትና ሕያው እንጨት

በሕንፃ ግንባታ ሥራ የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ ቁርጥ ያለ አኃዝ ያስቀምጣል። የመውደቅ መከላከያ ገመድ የሚታሰርበት ነጥብ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ቢያንስ 5,000 ፓውንድ፣ ማለትም 2,270 ኪሎ ግራም ገደማ መሸከም አለበት፤ ይህ ካልሆነ ደግሞ ብቃት ባለው ባለሙያ ተነድፎ ከሚጠበቀው ጫና ቢያንስ እጥፍ እንደሚችል መረጋገጥ ይኖርበታል። መሐንዲስ የብረቱን ዓይነትና ውፍረት ካወቀ ይህን በወረቀት ላይ ማስላት አይቸግረውም። በዛፍ ላይ ግን እኩል ውፍረት ካላቸው ሁለት ቅርንጫፎች አንዱ ጤነኛ፣ ሌላው ውስጡ የበሰበሰ ሊሆን ይችላል፤ ከውጭ ሲታዩ መንትያ ይመስላሉ።

ጫናው ራሱም እንደ አስተሳሰሩ ይለያያል። 80 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሠራተኛ ገመዱን በላይኛው ባላ ላይ በቀጥታ ቢያስር፣ ባላው የሚሸከመው ያንኑ 80 ኪሎ ነው። ገመዱን በባላው ላይ አሳልፎ ሌላውን ጫፍ ከግንዱ ግርጌ ቢያስር ግን ሒሳቡ ይለወጣል። አንደኛው ወገን ሰውየውን ሲይዝ ሌላው ወገን በዚያው ኃይል ወደ ታች ስለሚስብ፣ ባላው ላይ የሚያርፈው ጫና ወደ 160 ኪሎ ይጠጋል፤ የቅርፊቱ ፍትጊያ የሚቀንሰው ከዚህ ላይ ነው። ሠራተኛው ቢንሸራተትና ገመዱ በድንገት ቢወጠር ጫናው ይበልጥ ይጨምራል። ይሁን እንጂ ከግርጌ የታሰረ ገመድ፣ አስቀድሞ ከተዘጋጀበት፣ ላይ ሆኖ የተጎዳን ሰው ከምድር ለማውረድ ያስችላል። አንዱን አደጋ የሚቀንስ ምርጫ ሌላውን ይጨምራል፤ አንድ ቁጥር በደንብ ላይ ጽፎ ነገሩን መጨረስ ያልተቻለውም ስለዚህ ነው።

በዓይን የተከማቸ እውቀት

ዘመናዊው የዛፍ እንክብካቤ ሙያ በአሜሪካ መልክ የያዘው በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ነው። ከእንግሊዝ የፈለሰው ጆን ዴቪ «የዛፍ ሐኪም» የተባለ መጽሐፉን በ1901 አሳተመ፤ በስሙ የተጠራው ኩባንያም በ1909 በኦሃዮ ግዛት በኬንት ከተማ ተቋቋመ። በዚያ ዘመን ገመዱ ከቃጫ የተገመደ ነበር፤ መሣሪያውም የእጅ መጋዝ። የማሰሪያ ነጥብ የመምረጥ ጥበብ ከነባር ወደ አዲስ ሠራተኛ በቃልና በዓይን ይተላለፍ ነበር።

ይህ ጥበብ ዛሬም ድረስ የሥልጠናው መሠረት ነው። ምርመራው ከላይ ሳይሆን ከሥር ይጀምራል፤ አፈሩ ተሰንጥቋል? ግርጌው ላይ እንጉዳይ በቅሏል? እንጉዳይ ከታየ ውስጡ እየበሰበሰ ስለመሆኑ መጠርጠር ግድ ይላል። ቀጥሎ ባላዎቹ ይታያሉ። ሁለት ግንዶች ተጠጋግተው ሲያድጉ ቅርፊታቸው መሐል ለመሐል ተቀርቅሮ ከቀረ፣ እንጨቱ ከእንጨት ጋር አልተያያዘምና መገናኛው ለመሰንጠቅ የቀረበ ነው። ገመዱ ከቅርንጫፉ ጫፍ ይልቅ ወደ ግንዱ ተጠግቶ፣ ሕያው በሆነ ወፍራም እንጨት ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል። በመጨረሻም ማንም እግሩን ከምድር ሳያነሳ ሁለት ሰዎች ገመዱ ላይ ተንጠልጥለው ይፈትኑታል፤ የሚሰበር ከሆነ እነርሱ ምድር ላይ ሳሉ እንዲሰበር።

በዓይን የተከማቸው እውቀት ግን ወሰን ነበረው፤ የዛፉን ውስጥ አያይም። ይህን ክፍተት በእጅጉ ያጠበበው የአሜሪካ የደን አገልግሎት ተመራማሪ የነበረው አሌክስ ሺጎ ነው። ሺጎ በሺህ የሚቆጠሩ ዛፎችን በሞተር መጋዝ ከላይ እስከ ታች እየሰነጠቀ መረመረ። በ1977 ባሳተመው ሥራው እንዳሳየው፣ ዛፍ እንደ ሰው ቁስሉን አያድንም፤ የተጎዳውን ክፍል አጥሮ ይተወውና በላዩ ላይ አዲስ እንጨት ያበቅላል። ለገመድ ሠራተኛ የዚህ ትርጉም ቀጥተኛ ነው። ከዓመታት በፊት የተቆረጠ ቅርንጫፍ ጠባሳ በጤነኛ ቅርፊት ቢሸፈንም፣ ከበስተጀርባው የበሰበሰው እንጨት በቦታው አለ።

በምጣኔ ሀብት ዓይን ሲታይ፣ ይህ እውቀት ለአንዱ ሲጠቅም ለሌላው የማይጎድል የወል ሀብት ነው። ዛፎችን እየሰነጠቁ ዓመታት መፍጀትን ከኪሱ የሚከፍል የግል ኩባንያ ማግኘት ያዳግታል፤ ውጤቱን ተፎካካሪው ሁሉ በነፃ ይወስደዋልና። ወጪው የተሸፈነው በመንግሥት ደመወዝ ነበር።

የታመነው ሲከዳ

የተከማቸ ልምድ ራሱ ሊያሳስት እንደሚችል ያሳየው አሽ የተባለው ዛፍ ነው። በአገር ቤት ወይራ ለመሣሪያ እጀታ እንደሚመረጥ ሁሉ፣ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካም አሽ በጥንካሬውና በመለጠጥ ችሎታው ለመጥረቢያ እጀታ ሲመረጥ ኖሯል። በ1992 በፖላንድ አሽን የሚያደርቅ የፈንገስ በሽታ ታየ፤ በ2012 ብሪታንያ መግባቱ ተረጋገጠ። በሌላኛው የአትላንቲክ ዳርቻ ደግሞ ከእስያ የመጣ አረንጓዴ ጥንዚዛ በ2002 በሚሺጋን ግዛት ተገኘ፤ ከዚያ ወዲህ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የአሽ ዛፎችን ገድሏል።

በእነዚህ ጠንቆች የተጠቃ አሽ እንጨቱ ድርቅ ብሎ በቀላሉ ይሰበራል። ለሠላሳ ዓመት አሽ ላይ የወጣ ባለሙያ «ይህን ዛፍ አውቀዋለሁ» ቢል ልክ ነው፤ የሚያውቀው ግን የትናንቱን ዛፍ ነው። በኢኮኖሚ ትንበያ የተለመደው ስሕተት እዚህም አለ፤ መረጃው የተሰበሰበበት ሁኔታ ከተለወጠ ያለፈው መዝገብ የቱንም ያህል ረጅም ቢሆን አይታደግም። በመሆኑም በተጠቃ አሽ ላይ ሰው ከማውጣት ይልቅ፣ መንገዱ እስከፈቀደ ድረስ በማንሻ ማሽን መሥራት ተመራጭ እየሆነ መጥቷል።

ባለቤት ያለው ዛፍ

የከተማውን ሠራተኛ ችግር በተሻለ የሚያሳየው፣ ከእርሱ ፍጹም በተለየ ሁኔታ ዛፍ ከሚወጣው ሰው ጋር ማነጻጸር ነው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በካፋና በሸካ ደኖች ንብ አናቢዎች ቀፏቸውን በረጃጅም ዛፎች ላይ ይሰቅላሉ፤ በገመድ ታግዘው ይወጣሉ፤ ማሩን ለመቁረጥ በየወቅቱ ይመለሳሉ። የሸካ ነጭ ማር የሚገኘው ጌተም ከተባለው ዛፍ አበባ ነው። ዩኔስኮ የካፋን ደን በ2010፣ የሸካን ደግሞ በ2012 በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቧቸዋል።

በሸካ «ኮቦ» የሚባል ነባር የይዞታ ሥርዓት አለ። አንድ ቤተሰብ በታወቀ የደን ክልል ውስጥ ቀፎ የመስቀል መብት ይኖረዋል፤ ሌላው ሰው ያን ክልል ያከብራል። ይህ ሥርዓት ብዙ ጊዜ የሚጠናው ከደን ጥበቃ አንጻር ነው፤ ከደኅንነት አንጻር ግን ሌላ ገጽታ ይታይበታል። መብቱ ቋሚ ስለሆነ ሰውየው ከዓመት ዓመት የሚመለሰው ወደዚያው ዛፍ ነው። አምና ያልነበረ ስንጥቅ ዘንድሮ ቢታይ የሚያስተውለው እርሱ ነው፤ ዛፉን ቢያጎድፍ ነገ የሚጎዳውም እርሱ ራሱ። ይህ ማለት ከዛፍ የሚወድቅ የለም ማለት አይደለም። ዳሩ ግን እውቀቱ፣ ጥቅሙና አደጋው በአንድ ሰው እጅ ተገናኝተዋል።

የከተማው ሠራተኛ ዛፉን ጠዋት ይተዋወቀዋል፤ ማታ ይለየዋል። ዛፉ የሌላ ሰው ነው፤ የሥራው ዋጋም በሌላ ሰው ተቆርጧል። አሠሪው ባለቤት የሚያየው ዋጋውንና የተጠረገውን ግቢ ብቻ ነው፤ ገመዱ በየትኛው ባላ ላይ እንዳረፈ አያይም፤ ቢያይም አይለይም። ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ባሳተመው ዝነኛ ጥናት ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ያስረዳው ይኸው ነበር፤ ገዢ ጥራትን መለየት ሲያቅተው፣ ለጥራት ወጪ ያወጣው ሻጭ በርካሹ ይሸነፋል። ዛፉን ለመመርመር አንድ ሰዓት የሚያጠፋ ድርጅት ያን ሰዓት በዋጋው ላይ ሲጨምር፣ የማይመረምረው ጨረታውን ይወስዳል።

ሁለተኛው ገመድ

ደንብ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ እውቀቱንና አደጋውን ገበያው ሲለያያቸው መልሶ ለማገናኘት። የአውሮፓ ኅብረት በ2001 ባወጣው መመሪያ በገመድ የሚሠራ ሁሉ ለየብቻ የታሰሩ ቢያንስ ሁለት ገመዶች እንዲኖሩት ጠየቀ፤ አንዱ መሥሪያ፣ ሌላው መጠባበቂያ። ሁለተኛው ገመድ ሥራውን ይበልጥ አደገኛ የሚያደርገው ከሆነ ግን፣ ከአደጋ ግምገማ በኋላ በአንድ ገመድ መሥራት እንዲቻል በር ተወለት። ብሪታንያ ይህን በ2005 የከፍታ ሥራ ደንብ ውስጥ አካተተችው። የዛፍ ሠራተኞች በዚያ ልዩ በር ለዓመታት ሲገቡ ቆዩ፤ በ2020 የታተመው የሙያው የአሠራር መመሪያ ግን ሁለት ገመድን መነሻ፣ አንዱን ገመድ ማስረጃ የሚጠየቅበት ልዩ ሁኔታ አደረገው።

ለውጡ ክርክር አስነስቷል፤ ክርክሩም ተራ እልኸኝነት አልነበረም። ሁለተኛ ገመድ በቅርንጫፎች መሐል ይጠላለፋል፤ ጊዜና ጉልበት ይወስዳል፤ የደከመ ሰው ደግሞ ይሳሳታል። በሌላ ወገን የመጠባበቂያ ትርጉሙ አንዱ ፍርድ ስሕተት ቢሆን ሌላው እንዲይዝ ነው። ይህም የሚሠራው ሁለቱ ነጥቦች በእርግጥ የተለያዩ ሲሆኑ ብቻ ነው። በአንድ የበሰበሰ ግንድ ላይ የታሰሩ ሁለት ገመዶች በቁጥር ሁለት፣ በመታመኛነት ግን አንድ ናቸው። ደንቡ ቁጥሩን ሊያስገድድ ይችላል፤ ልዩነቱን የሚለየው አሁንም የሠልጣኙ ዓይን ነው።

በአሜሪካ መንገዱ ሌላ ነው። ዜድ 133 በስምምነት የወጣ ደረጃ እንጂ በራሱ ሕግ አይደለም። የፌዴራሉ የሥራ ደኅንነትና ጤና አስተዳደር ለዛፍ እንክብካቤ የተለየ ደንብ ለማውጣት በ2008 የሕዝብ አስተያየት ጠየቀ፤ ከ15 ዓመት በላይ ቆይቶም የመጨረሻው ደንብ አልወጣም። ተቆጣጣሪዎች እስከዚያው የሚመሩት አሠሪ ሁሉ ከታወቀ አደጋ ነፃ የሆነ የሥራ ቦታ እንዲያዘጋጅ በሚያስገድደው አጠቃላይ ድንጋጌ ነው። አንዳንድ ግዛቶች ክፍተቱን በራሳቸው መንገድ ይደፍናሉ፤ ለምሳሌ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሜሪላንድ በዛፍ እንክብካቤ ሥራ ለመሰማራት ልምድን፣ ፈተናንና መድንን መሠረት ያደረገ የግዛት ፈቃድ ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለ ፈቃድ ባላውን አይመረምርም። የሚያደርገው፣ ምርመራውን የሚዘለው ድርጅት በዋጋ ብቻ እንዳያሸንፍ ማገዝ ነው። ቀሪው በደንበኛው ደጃፍ ላይ ይደርሳል። ሦስት የዋጋ ማቅረቢያ የተቀበለ የቤት ባለቤት ከመምረጡ በፊት ጥቂት ጥያቄዎች ማንሳት ይችላል፦ ሰው ከመውጣቱ በፊት ዛፉን ማን ይመረምረዋል? ሁለተኛው ገመድ የት ይታሰራል? ላይ ያለው ሰው ቢጎዳ ማን ያወርደዋል? በ1968 ኮሚቴው የተሰበሰበው አንዲት እናት ጥያቄ ስላነሳች ነበር፤ ጥያቄውን ያነሳችው ግን ልጇን ካጣች በኋላ ነው። የቤቱ ባለቤት ጥያቄውን ሲያነሳ ሠራተኛው ገና ምድር ላይ ነው።