አማተርና ባለሙያ፦ የድሮው ዘይቤ የሚና ጨዋታ ጀብዱዎች የኅትመት ታሪክ



በታሪክ መድረክ ላይ ስለ ጨዋታ መጻሕፍት መናገር ለአንዳንዶቻችሁ ቀልድ ሊመስል ይችላል። ከጀርባው ያለው ጥያቄ ግን ቁም ነገር ነው፤ የአንድን መጽሐፍ የጥራት ደረጃ የሚወስነው አሳታሚው ነው ወይስ መጽሐፉን ሥራ ላይ የሚያውለው ሰው? የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታውን ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንዱ አጫዋች ሆኖ የፈራረሰ ግንብ ወይም የተረሳ ዋሻ በቃል ይገልጻል። ሌሎቹ የየራሳቸውን ገጸ ባሕርይ ይዘው ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፤ ውጤቱ አጠራጣሪ ሲሆን ዳይስ ይወረወራል። ለአጫዋቹ መመሪያ የሚሆነው፣ ካርታና የየክፍሉን ዝርዝር የያዘው ጽሑፍ «ጀብዱ» ይባላል።

የዘርፉ በኩር የሆነው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በ1974 በዊስኮንሲን ግዛት፣ በሌክ ጄኒቫ ከተማ ታተመ። ደራሲዎቹ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ናቸው። ጋይጋክስ የኢንሹራንስ ሠራተኛ የነበረ፣ ሥራውን ካጣ በኋላም በጫማ ጥገና የተዳደረ ሰው ነው። የመጀመሪያው ኅትመት 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር፤ ሥዕሎቹ የጀማሪ እጅ ያረፈባቸው፣ አጻጻፉም አዲስ አንባቢን ግራ የሚያጋባ ነበር። ዛሬ «የድሮው ዘይቤ» የምንለው እንግዲህ ከመነሻው የአማተሮች ሥራ ነው።

ገበያው ሲሰፋ ሁኔታው ተለወጠ። አሳታሚው ቲ.ኤስ.አር. ከ1977 እስከ 1979 የተስፋፋውን ደንብ በሦስት ዋና ዋና መጻሕፍት አወጣ፤ በ1989 በሁለተኛ እትም ተካው፤ በ1997 ድርጅቱ ራሱ ለዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ተሸጠ። በቀድሞው ደንብ መጫወት የመረጡ ሰዎች አዲስ ጀብዱ የሚያቀርብላቸው አሳታሚ አጡ።

መንገዱ ዳግመኛ የተከፈተው በሕግ በኩል ነው። በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ የሚጠበቀው ደንቡ የተገለጸበት ቃል እንጂ የጨዋታው ስልት አይደለም። በ2000 ደግሞ ዊዛርድስ ዋና ዋና ደንቦቹን ሌሎች እንዲጠቀሙባቸው የሚያስችል ክፍት ፈቃድ አወጣ። በእነዚህ ላይ ተመሥርቶ በ2006 የስቱዋርት ማርሻልና የማት ፊንች ኦስሪክ ወጣ። ዓላማው ለአሮጌው ደንብ ጀብዱ መጻፍ ለሚሹ ሁሉ ሕጋዊ መሠረት ማበጀት ነበር። በ2007 ላቢሪንዝ ሎርድ፣ በ2008 ሶርድስ ኤንድ ዊዛርድሪ ተከተሉ። በዚያው ዘመን በታዘዘው ቅጂ ልክ የማተም አገልግሎት ስለተስፋፋ፣ ደራሲው ብዙ ቅጂ አሳትሞ መጋዘን ከመሙላት ዕዳ ዳነ።

በትርፍ ጊዜያቸው የሚጽፉ ሰዎች «የባለሙያ ደረጃ» ሲሉ ሁለት ነገር ማለታቸው ነው። አንደኛው በዓይን የሚታየው ነው፤ ጥራዙ፣ ወረቀቱ፣ ሥዕሉ። ሁለተኛው የሚታወቀው ጨዋታው ሲጀመር ነው። ተጫዋቾቹ በር ከፍተው ሲጠብቁ አጫዋቹ የክፍሉን ይዘት በቅጽበት ያገኛል? የካርታው ቁጥር ከጽሑፉ ጋር ይስማማል? ጀብዱው ከደራሲው ወዳጆች ውጭ ባሉ ሰዎች ተሞክሮ ታርሟል? የመጀመሪያው በገንዘብ ይገዛል፤ ሁለተኛው ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። በ2019 የታተመው የጋቪን ኖርማን ኦልድ ስኩል ኢሴንሻልስ በ1981 የወጣውን ደንብ ሲያቀርብ፣ አንድ ርእሰ ጉዳይ በአንድ ገጽ ወይም ፊት ለፊት በተገጠሙ ሁለት ገጾች እንዲጠቃለል አድርጎ ነው። ደንቡ አሮጌ ነው፤ አዲሱ ነገር ለአንባቢው የተደረገው ጥንቃቄ ነው።

ይህ ሁሉ ግን በስስ መሬት ላይ የቆመ መሆኑ በጥር 2023 ታየ። ዊዛርድስ የ2000ውን ፈቃድ ሊሽር ማሰቡ ሲታወቅ ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ፤ ድርጅቱም በወሩ መጨረሻ ሐሳቡን ትቶ የአምስተኛውን እትም መሠረታዊ ደንብ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለቀቀ። የብዙ ሰዎች የዓመታት ድካም በአንድ ድርጅት ውሳኔ ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል ማለት ነው።

የታሪክ ተማሪ ይህን ሲያጠና አማተሩን ከመጠን በላይ ማወደስ የለበትም። ያልተከፈለበት የአርታኢና የካርታ ሠሪ ድካም በመጽሐፉ ዋጋ ውስጥ አይታይም፤ ትርፍ ጊዜ የሌለውም ሰው ከዚህ ማኅበር ውጭ ይቀራል። ያም ሆኖ አንድ ነገር እንማራለን። ባለሙያነት ደመወዝ የሚሰጠው ማዕረግ ብቻ አይደለም፤ በማናውቀው ሰው እጅ ለሚገባ ሥራ የምንሸከመው ኃላፊነት ነው። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ስታዘጋጁም ይህንኑ አስቡ።