ያረጁ የአርማታ ድልድዮችን የመሸከም አቅም ስለ መመዘን

አዲስ ድልድይ የሚነድፍ መሐንዲስ የጭነቱን መጠንም ሆነ የሚጠቀምበትን አርማታ ጥንካሬ ራሱ ይወስናል። ያረጀ ድልድይ እንዲመረምር የታዘዘ መሐንዲስ ግን ሌላ ሰው የወሰነውን፣ ብዙ ጊዜም ንድፉ የጠፋበትን ሥራ ተቀብሎ «ይህን ያህል ቶን ይሸከማል» ሲል መፈረም ይኖርበታል። ይህ ፊርማ በምን ላይ ሊቆም እንደሚገባው ለመረዳት የሙያችንን ታሪክ መለስ ብሎ መመልከት ይጠቅማል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በአርማታ ሥራ መጀመሪያ ዘመን ዋነኛው ማስረጃ የጭነት ፈተና ነበር። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ሮቤርት ማያር በ1901 ዙኦጽ በተባለ ስፍራ፣ በኢን ወንዝ ላይ፣ 38 ሜትር ያህል የሚሻገር የቅስት ድልድይ ሠራ። ቅስቱ፣ የጎን ግድግዳዎቹና የመንገዱ ወለል እንደ አንድ ሣጥን ተባብረው የሚሸከሙ በመሆናቸው የጊዜው የስሌት ዘዴ ሊደርስበት አልቻለም። ስለሆነም በፕሮፌሰር ቪልሄልም ሪተር አማካሪነት ድልድዩ ጭነት ተጭኖበት ተፈተነ፤ ፈተናውንም አለፈ።

ይሁን እንጂ በ1903 በቅስቱ ጫፎች አጠገብ ባሉት ግድግዳዎች ላይ ስንጥቆች ታዩ። ማያር መርምሮ አደገኛ አለመሆናቸውን አረጋገጠ፤ በዚያውም በዚያ ቦታ ያለው ግድግዳ ለመሸከም እንደማያስፈልግ ተገነዘበ። በመሆኑም በ1905 በታቫናሳ በሠራው 51 ሜትር ድልድይ ግድግዳውን ከዚያ ቦታ አስቀረው። ፈተናው ያልገለጠውን ስንጥቁ ገለጠለት ማለት ነው።

ጉዳት ሁሉ ግን እንዲህ ራሱን አያሳይም። በዌልስ በ1953 የተሠራው የአኒስ-አ-ግዋስ ድልድይ ታኅሣሥ 1985 በድንገት ወደቀ፤ በላዩ ተሽከርካሪ ስላልነበረ ሰው አልተጎዳም። የአርማታውን ቁራጮች አጥብቀው የያዙት የተወጠሩ የብረት ገመዶች በመጋጠሚያዎቹ ላይ፣ ከዓይን ተሰውረው፣ ዝገው ነበር። በጄኖቫ በ1967 የተከፈተው የሪካርዶ ሞራንዲ ድልድይ ነሐሴ 14 ቀን 2018 ሲወድቅ ግን 43 ሰዎች ሞቱ። የዚህም ድልድይ ተሸካሚ ገመዶች በአርማታ የተሸፈኑ ነበሩ። በአንደኛው ማማ ላይ ያሉት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተጠናክረው ሳለ፣ የወደቀው ሳይጠናከር የቆየ ሌላ ማማ ነው።

በአገራችንም በጣሊያን ወረራ ዘመንና የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1951 ከተቋቋመ ወዲህ የተሠሩ፣ ዛሬም የሚያገለግሉ የአርማታ ድልድዮች አሉ። የሚያልፉባቸው የጭነት መኪናዎች ግን በተነደፉበት ዘመን ከታሰቡት እጅግ ከብደዋል። አንድ ድልድይ ትናንት ያንን ጭነት ማሳለፉ ለነገ ዋስትና አይሆንም፤ የጭነት ፈተናም የሚመሰክረው ለተደረገበት ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ከስሌቱ አስቀድሞ ፌሮው ያለበትን ቦታ መፈለግ፣ አርማታውን በጥቂት ስፍራ ከፍቶ የብረቱን ውፍረትና የዝገቱን መጠን መለካት፣ የአርማታ ናሙና ቆርጦ ጥንካሬውን በላቦራቶሪ መፈተን ይገባል። ሊታይ ያልተቻለ ክፍል ቢኖር ደግሞ መሐንዲሱ ያንኑ በሪፖርቱ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ፤ የሚፈቅደውንም ጭነት በዚያው ልክ ይቀንስ።