ሒስባ፦ የተጭበረበረ ሸማች አቤት የሚልበት በር

 በዛሬው ዝግጅታችን የሒስባን ታሪክ ይዘን ቀርበናል። ሒስባ ማለት በጎ ነገር ችላ ሲባል ማዘዝ፣ መጥፎ ነገር በገሃድ ሲሠራ መከልከል ሲሆን፣ ይህን ሥራ በገበያ ላይ እንዲያከናውን የሚሾመው ሰው ሙሕተሲብ ይባላል።

ብዙዎቻችን ሚዛን ሲሰረቅብን ወይም የተበረዘ ዕቃ ሲሸጥልን «ለአላህ ሰጥቼዋለሁ» ብለን ወደ ቤታችን እንገባለን። በራስ ሐቅ ይቅር ማለት መልካም ነው። ነገር ግን ያው ሻጭ ነገ ያንኑ ሚዛን ለጎረቤታችን ያነሳል። የጎረቤታችንን ሐቅ ይቅር ማለት ደግሞ የእኛ ፋንታ አይደለም።

የሒስባ መነሻ መዲና ናት። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉትና ኢማም ሙስሊም እንደዘገቡት፣ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ የእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ውስጥ ቢያስገቡ ጣቶቻቸውን እርጥበት ነካቸው። ሻጩ ዝናብ እንደመታው ሲናገር፣ ሰው እንዲያየው እርጥቡን ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያጭበረብር ሰውም ከርሳቸው ወገን እንዳልሆነ አስታወቁ። ልብ እንበል! በዚህ ዘገባ ውስጥ ከሳሽ የለም። ገበያውን የመረመሩት ራሳቸው የኡማው መሪ ናቸው። ኸሊፋ ዑመርም (ረ.ዐ.) ሺፋእ ቢንት ዐብደላህ ለተባሉት ሴት ሶሐቢይ ከገበያ ጉዳይ አንዳንዱን ይሰጧቸው እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ይገልጻሉ።

ከተሞች እየሰፉ ሲሄዱ፣ የትኛው አቤቱታ ወዴት እንደሚሄድ መለየት አስፈለገ። እ.ኤ.አ. በ1058 ያረፉት ታላቁ የሕግ ሊቅ አል-ማወርዲ ይህን በግልጽ አስቀምጠዋል። ሙሕተሲብ የሚሰማቸው ክሶች ሦስት ናቸው፦ የመስፈሪያና የሚዛን መጉደል፣ በዕቃ ወይም በዋጋ ማታለል፣ እንዲሁም መክፈል እየቻሉ ዕዳን ማጓተት። ተከሳሹ ከካደና ምስክር መስማት ካስፈለገ ግን ጉዳዩ የቃዲ ነው። በዳዩ ባለሥልጣን ከሆነ ደግሞ አቤቱታው የሚቀርበው ለመዛሊም ችሎት ነው። በሩን የሳተ አቤቱታ ሐቀኛ ቢሆንም ይጓተታል፤ ክፍፍሉ ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

ሙሕተሲቡ የነጋዴውን ብልሃት ማወቅም ነበረበት። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በሻም የኖሩት አሽ-ሸይዘሪ ለሙሕተሲቦች መመሪያ ሲጽፉ፣ ወተት በውኃ መበረዙን ለማወቅ ፀጉር ነክሮ ማውጣትን ይመክራሉ፤ ወተቱ ፀጉሩ ላይ ካልያዘ ተበርዟል ማለት ነው።

ይህ ሥርዓት ሁልጊዜ ንጹሕ ነበር ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1399 የካይሮ ሙሕተሲብ ሆነው የተሾሙት የታሪክ ሊቅ አል-መቅሪዚ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግብፅን ስለመታው ረሃብና የዋጋ ንረት በጻፉት መጽሐፍ፣ የመከራው አንዱ ምክንያት ሹመት በጉቦ መገኘቱ መሆኑን ያስረዳሉ። በጉቦ ከተገኙት ሹመቶች አንዱ ራሱ ሒስባ ነበር። በጉቦ የተሾመ ሰው የከፈለውን የሚያስመልሰው ከሕዝቡ ነው። ጠባቂው ሲበላሽ ዝም ካልን በዳዮቹ ሁለት ይሆናሉ።

ውድ አድማጮቻችን! በዛሬዪቱ ኢትዮጵያ ሕጉም ተቋማቱም ሌሎች ናቸው፤ ክፍፍሉ ግን ይመሳሰላል። የሸማቾች መብት በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ተደንግጓል። አዋጁን ያስፈጽም የነበረው ባለሥልጣን በ2014 ዓ.ል. ከተካሄደው የመዋቅር ለውጥ ወዲህ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተላልፏል። የሚዛንና የዋጋ ማጭበርበር ሲያጋጥመን በቅርብ ወዳለው የንግድ ጽሕፈት ቤት፣ የምግብና የመድኃኒት ጉዳይ ሲሆን ወደ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ ገንዘባችን በማታለል ሲወሰድ ወደ ፖሊስ፣ ክርክር ሲነሳ ወደ ፍርድ ቤት እንሂድ። ባለሥልጣኑ ራሱ በአስተዳደር ከበደለን በ1992 ዓ.ል. በአዋጅ የተቋቋመው የእንባ ጠባቂ ተቋም አለ።

ስንሄድም ደረሰኙን፣ ቀኑን፣ የሱቁን ቦታና ዕቃውን ራሱን ይዘን እንሂድ። ማስረጃ ሳይዙ የነጋዴን ስም በየመንደሩ ማንሳት ሐሜት ነው፤ ለሐቀኛው ነጋዴም በደል ነው። ያየነውን ሳንጨምርና ሳንቀንስ ለሚመለከተው አካል መንገር ግን ከኛ በኋላ ወደዚያ ሱቅ የሚገባውን ሰው መጠበቅ ነው።

አላህ ሐቅን ከሚጠብቁት ያድርገን።