ከልቃቂቱ እስከ ስያሜው
ስም አልባ የነበረው የሽመና ሙያ በስሙ ገበያ የወጣበት ታሪክ

እንደሚታወቀው አርሶ አደሩ ያመረተው ምርት ከማሳ ተነሥቶ ተጠቃሚው ቤት እስኪደርስ ድረስ በብዙ እጅ ያልፋል። በዚህ ጉዞ ዋጋን የሚወስነው የምርቱ ጥራት ብቻ አይደለም። ምርቱ በማን ስም እንደሚሸጥም ትልቅ ድርሻ አለው። ይህን እውነት በግልጽ ከሚያሳዩት ሙያዎች አንዱ የሀገራችን ሽመና ነው። ዛሬ በአዲስ አበባም ሆነ በውጭ ሀገር ከተሞች ፎጣ፣ የአልጋ ልብስ ወይም ስካርፍ ሲገዙ “ማን ሠራው? ክሩን ማን ፈተለው? የድካሙንስ ዋጋ አገኘ ወይ?” ብለው የሚጠይቁ ሸማቾች አሉ። ለዚህ ጥያቄ መልስ ይዘው የወጡ አነስተኛ አምራቾችም ተፈጥረዋል። እዚህ የተደረሰው ግን በአንድ ቀን አይደለም።

የተናቀ ሙያ

ሸማ የብዙ ሰው ሥራ ነው። ጥጡ ከተለቀመ በኋላ በድንጋይ ላይ በብረት ዘንግ እየተዳመጠ ፍሬው ይለያል። ከዚያም በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፤ ባዘቶው በእንዝርት ተፈትሎ ልቃቂት ይሆናል። እስከዚህ ያለው ድካም በአብዛኛው የሴቶች ነው። ሸማኔው ድሩን አዘጋጅቶ፣ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን አስገብቶ፣ መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ እየወረወረ ማጉን ያስገባል። ነጠላ፣ ኩታ፣ ጋቢና ቡሉኮ የሚወጡት ከዚህ ነው።

ሀገር ሁሉ የሚለብሰውን የሚሠራው ሸማኔ ግን ራሱ የተከበረ አልነበረም። ብረት ቀጥቃጩ “ጠይብ”፣ ሸማኔው ደግሞ “ቁጢት በጣሽ” እየተባለ ይሰደብ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠሪን በሥራው መስደብን ከልክለዋል። የዐዋጁ መንፈስ ሠሪ እየተሰደበ ሙያው ከጠፋ ማረሻ የሚሠራ እንኳ አይገኝም፣ ሀገርም ባዶዋን ትቀራለች የሚል ነበር። ይህ ለአርሶ አደር ግልጽ ነው። ማረሻ ከሌለ እርሻ የለም፤ ሸማኔ ከሌለም ጥጥ አምራቹ ደንበኛ የለውም።

ዐዋጁ ቢወጣም ንቀቱ ወዲያው አልተወገደም። የንቀቱ ጉዳት ደግሞ በክብር ብቻ የሚያበቃ አልነበረም። ሠሪው በስሙ የማይኮራበትን ሥራ ገዢውም ስሙን አይጠይቅም። ስሙ ያልተጠየቀ ሠሪ ደግሞ ዋጋ የሚተምነው ሌላ ሰው ይሆናል።

አቡጀዲና የፋብሪካ ክር

በሌላ በኩል ሙያው ከውጭ ሸቀጥ ጋር መወዳደር ነበረበት። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ አቡጀዲ በገበያው በሰፊው ገብቶ ነበር። በ1896 ዓ.ም. የአሜሪካው መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር ወደ ዐፄ ምኒልክ መጥቶ የንግድ ውል ሲዋዋል፣ ከሀገሩ የሚመጣው የጥጥ ጨርቅ ከዋና ዋና ሸቀጦች አንዱ ነበር። በኋላም የሀገር ውስጥ ፋብሪካዎች ተከፈቱ። የባሕር ዳሩ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1961 ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ መቋቋሙ የሚታወስ ነው።

ሽመና በዚህ ሁሉ መካከል አልጠፋም፤ አሠራሩ ግን ተለወጠ። ብዙ ሸማኔዎች ለድሩ የፋብሪካ ክር፣ ለማጉ ደግሞ የእጅ ፈትል መጠቀም ጀመሩ። የፋብሪካው ክር ጠንካራና እኩል በመሆኑ ሥራን አፋጠነ። ፈታይዋ ግን ከገበያዋ ከፊሉን አጣች። ሸማኔውም ክር በገንዘብ የሚገዛ ሰው ሆነ።

ከጋሞ ደጋ፣ በተለይም ከዶርዜ፣ ወደ አዲስ አበባ የመጡ ሸማኔዎች በሽሮ ሜዳና በጉለሌ ሰፍረው ከተማዋን አለበሱ። ይሁን እንጂ ለነገ የሚሆን ክር መግዣ የሌለው ሸማኔ የዛሬውን ሸማ በዛሬው ዋጋ ለነጋዴ ከመሸጥ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ሸማው ሱቅ ሲሰቀል የሚታወቀው የባለሱቁ ስም ነው። ይህ ችግር ለአርሶ አደሩ እንግዳ አይደለም። በመኸር ወቅት ዕዳና ግብር ሲያስጨንቀው እህሉን በርካሽ የሚሸጥ ገበሬም ያለበት ሁኔታ ይኸው ነው።

ከላይ የመጣ ማኅበር

በደርግ ዘመን ዕደ ጥበብንና አነስተኛ ኢንዱስትሪን የሚያስፋፋ የመንግሥት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1977 ተቋቁሞ ነበር። ሸማኔዎችም በማኅበር ተደራጅተው ክር በጋራ እንዲያገኙ ተሞክሯል። ሐሳቡ መልካም ጎን ነበረው። ነገር ግን ማኅበር ከአባላቱ ፍላጎት ሳይሆን ከላይ በሚመጣ መመሪያ ሲቆም ሥሩ አይጠልቅም። ሥርዓቱ በ1983 ዓ.ም. ሲለወጥ ከማኅበራቱ ብዙዎቹ ፈረሱ።

ከዚያ በኋላ የመጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዐዋጅ ቁጥር 147/1991 በፈቃደኝነት ላይ ለተመሠረተ አደረጃጀት በር ከፈተ። በ2009 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 985/2009 ተተክቷል። በነዚሁ ዓመታት በእንጦጦ ተራራ እንጨት ተሸክመው ይኖሩ የነበሩ ሴቶች ማኅበር መሥርተው ስካርፍ እየሸመኑ ወደ መሸጥ መዞራቸው፣ ሙያና አደረጃጀት ሲገናኙ ምን ሊሠሩ እንደሚችሉ ያሳየ ነው።

ስም ያወጡ አምራቾች

በዓለም ደረጃ ሠሪውን ከሸማቹ ጋር የማስተዋወቁ ንግድ ረዘም ያለ ዕድሜ አለው። ኤድና ሩት ባይለር የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1946 በፖርቶ ሪኮ ያገኘቻቸውን ጥልፍ ጠላፊ ሴቶች ሥራ ወደ ሀገሯ ወስዳ በመኪናዋ እያዞረች መሸጥ ጀመረች። ከዚህ ትንሽ ጅምር ቴን ታውዘንድ ቪሌጅስ የተባለው የፍትሐዊ ንግድ ድርጅት አደገ። እ.ኤ.አ. በ1988 ደግሞ ማክስ ሃቨላር የተባለው የፍትሐዊ ንግድ ምልክት በኔዘርላንድ በቡና ላይ ተለጠፈ። የመጀመሪያው ቡና የመጣው ከሜክሲኮ አነስተኛ ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ነበር።

በሀገራችንም ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ እንዲህ ዓይነት ስሞች ብቅ አሉ። ቤተልሔም ጥላሁን በ1997 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ ሶልሬብልስን መሠረተች። መነሻዋ ገበሬውና አርበኛው የሚያውቀው በርባሶ ጫማ ነበር። ሶሉ ከአሮጌ የመኪና ጎማ፣ የላይኛው ክፍል ደግሞ በእጅ ከተፈተለና ከተሸመነ ጥጥ እየተሠራ በብዙ ሀገሮች ተሸጧል። የድኻ ጫማ ተብሎ የተናቀው በርባሶ፣ ታሪኩና ሠሪው ሲነገርለት የክብር ዕቃ ሆነ።

የፋሽን ሞዴሏ ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 የመሠረተችው ለምለም ደግሞ የሸማኔዎች ገበያ መቀዝቀዙን ከማየት የተነሣ ነበር። የአዲስ አበባ ሸማኔዎች የሸመኑት ጨርቅ የልጆችና የሴቶች ልብስ ሆኖ በውጭ ሀገር ትልልቅ ሱቆች ቀረበ።

ለአርሶ አደሩ በጣም የቀረበው ምሳሌ ግን ሳባሃር ነው። ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ2004 የመሠረተችው በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ የኖረችው ካናዳዊቷ ካቲ ማርሻል ስትሆን፣ ሥራው ጥጥን ከኤሪ ሐር ጋር ያጣመረ ነው። የኤሪ ትል የጉሎ ቅጠል ይበላል፤ ጉሎ ደግሞ በብዙ አካባቢ በጓሮና በአጥር ዳር የሚበቅል ተክል ነው። የኤሪ ኩብኩባ ሽፋን በአንድ ጫፉ ክፍት በመሆኑ እንደሌላው ሐር ክሩ ሳይቋረጥ አይተረተርም። እንደ ጥጥ መፈተል አለበት። ስለዚህ እናቶች ከአያቶቻቸው የወረሱት የእንዝርት ሙያ ለአዲስ ምርት ዋለ። አርሶ አደሩ ትሉን አርብቶ ይሸጣል፣ ሴቶች ይፈትላሉ፣ ሸማኔው ይሸምናል። በሐር ትል ላይ የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የሠራው ምርምርም ለዘርፉ መነሻ የሚሆን ነው።

ስም ብቻውን አይበቃም

ይህ ሁሉ ሲባል ግን ችግሩ ተፈትቷል ማለት አይደለም። በመጀመሪያ ደረጃ፣ ከጋሞ አካባቢ ሕፃናት “ትማራለህ” ተብለው ወደ አዲስ አበባ እየተወሰዱ ከትምህርት ርቀው በሽመና ጉልበታቸው የተበዘበዘበት ሁኔታ በተደጋጋሚ ተዘግቧል። በእጅ የተሠራ ሁሉ በንጹሕ እጅ ተሠራ ማለት እንዳልሆነ ይህ ያስተምራል። ሸማቹ “ማን ሠራው?” ብሎ መጠየቁ ትርጉም የሚኖረው ለዚህ ነው።

በሁለተኛ ደረጃ፣ የሀበሻ ልብስ ጥለትን አስመስሎ በፋብሪካ የታተመ ጨርቅ ከውጭ እየገባ በዝቅተኛ ዋጋ ይሸጣል። በሦስተኛ ደረጃ፣ የውጭ ገበያ በሌላው ውሳኔ ሊዘጋ ይችላል። አጎዋ የተባለው የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ዕድል እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ለብዙ አምራቾች በር ከፍቶ ነበር። ኢትዮጵያ ግን ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዕድሉ ታገደች። አንድ በር ብቻ ይዞ የቆመ አምራች በሩ ሲዘጋ ሌላ መውጫ ያጣል።

ከሁሉም በላይ ግን መታየት ያለበት፣ ስም ካወጡት ድርጅቶች ጀርባ ያሉት ጥጥ አምራቹና ፈታይዋ እስካሁን በአብዛኛው ስም የሌላቸው መሆናቸው ነው። ሸማቹ የድርጅቱን ስም ያውቃል፤ አንዳንዴም ሸማኔውን በፎቶግራፍ ያያል። ጥጡ ከየትኛው ወረዳ እንደመጣ የሚነግረው ግን ጥቂት ነው።

ለኅብረት ሥራ የሚሆን ትምህርት

በዚህ ረገድ ቡና ምሳሌ ይሆናል። መንግሥት የሲዳሞ፣ የሐረርና የይርጋጨፌ ስሞችን በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ተነሥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ላይ ደርሷል። የትግሉ ምክንያት ግልጽ ነበር። የቡናው ስም ባለቤት ገበሬው ካልሆነ ስሙ የሚያመጣው ትርፍ ለሌላ ይሆናል።

ጥጥ፣ ሐርና የበግ ሱፍ ለሚያመርቱ አባላትም ትምህርቱ ያው ነው። ጥጡን በደረጃ ለይቶ ማቅረብ፣ ከየትኛው መሠረታዊ ማኅበር እንደመጣ መዝግቦ መያዝ፣ ፈታይ ሴቶችን የማኅበሩ ሙሉ አባል ማድረግ፣ ሸማኔው ክር በዱቤ የሚያገኝበትን መንገድ ማመቻቸትና የጋራ ስያሜን በሕግ ማስመዝገብ ከኅብረት ሥራ አቅም በላይ አይደሉም። ሸማኔው ለዕለት ክር ብሎ ሸማውን በርካሽ እንዳይሸጥ የሚያደርገው ማኅበሩ ነው። ፈታይዋም የድካሟን ዋጋ የምትጠይቀው ብቻዋን ስትቆም ሳይሆን ከጎረቤቶቿ ጋር ስትሆን ነው።

ከመቶ ዓመት በላይ በሆነው በዚህ ታሪክ ውስጥ ሠሪው ከስድብ ወደ ስም ተሸጋግሯል። የቀረው መንገድ ስሙ ከሱቁ መደርደሪያ ተነሥቶ እስከ እንዝርቱና እስከ ማሳው እንዲዘልቅ ማድረግ ነው። አበው “ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” ያሉት ሸማኔው በሚያውቀው ነገር መስለው ነው። ፍቺው ግን ለአርሶ አደሩም ያው ነው።