ሸረሪትንና የጠመንጃ መነጽርን ምን አገናኛቸው?

በጠመንጃ መነጽር ውስጥ የሚታየውን ቀጭን መስቀለኛ መስመር በፊልም ሳታዩት አትቀሩም። መነሻው ግን የሸረሪት ክር ነው ብንላችሁስ?

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1640 አካባቢ እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ዊልያም ጋስኮይን ቴሌስኮፑ ውስጥ ሸረሪት ክር ዘርግታ አገኘ። የሚገርመው፣ ክሩ ከሩቁ ነገር ምስል ጋር እኩል ጥርት ብሎ ታየው። ለምን መሰላችሁ? ክሩ ያረፈው ልክ ሌንሱ ምስሉን በሚሠራበት ቦታ ላይ ነበራ! በጋሊሊዮ ቴሌስኮፕ ቢሆን ይህ አይታይም ነበር፤ እሱ ውስጥ ምስል የሚያርፍበት ቦታ የለም። የጋስኮይን ግን ኬፕለር እ.ኤ.አ. በ1611 ያቀረበው ዓይነት ነበር።

ጋስኮይን ሥራውን ሳያሳትም እ.ኤ.አ. በ1644 በእርስ በርስ ጦርነት ሞተ። ሐሳቡን ከመረሳት ያተረፉት ለወዳጆቹ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ናቸው።

ዛሬስ? ለምሳሌ ከ3 እስከ 9 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ውስጥ ምስሉ የሚሠራው ሁለት ቦታ ላይ ነው። በመካከል ያሉት ሌንሶች ሲንሸራተቱ የማጉላት መጠኑ ይቀየራል። መስመሩ ፊተኛው ቦታ ላይ ከሆነ ከዒላማው ጋር አብሮ ይተልቃል፤ ኋለኛው ላይ ከሆነ ግን መጠኑ አይለወጥም። ስለዚህ በመስመሩ ምልክቶች ርቀት የሚለካ ሰው መስመሩ የት እንዳለ ካላወቀ ይሳሳታል፤ በኋለኛው ዓይነት ልኬቱ ትክክል የሚሆነው በአንድ የማጉላት ደረጃ ብቻ ነው።

ዓይናችሁን ትንሽ ስታንቀሳቅሱ መስመሩ ዒላማው ላይ የሚንሸራተት ከመሰላችሁም መስመሩና ምስሉ አልገጠሙም ማለት ነው። የጋስኮይን ሸረሪት ግን ሳታስበው በትክክል ገጥማዋለች!