ፋይል ሲስተሙ የማይመሰክርለት ዘመን፦ የቤት የኔትወርክ ማከማቻን ከኤክስት4 ወደ ቢትአርኤፍኤስ ስለማዛወር

ባለቤቶቹ ባጭሩ «ናስ» የሚሉት የቤት የኔትወርክ ማከማቻ ትንሽ ሣጥን ነው፤ የተሸከመው ግን ትንሽ አይደለም። የሠርግ ቪዲዮ፣ የልጆች ፎቶ፣ ስካን የተደረገ የቤት ካርታ፣ በስልክ የተቀዳ የሟች ወላጅ ድምፅ ሁሉ እዚያ ይገባል። ሣጥኑ ሲገዛ ዲስኮቹ በምን ዓይነት ፋይል ሲስተም እንደሚደራጁ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ጥያቄው የሚነሣው ከዓመታት በኋላ፣ ዲስኩ ከሞላና የተሻለ ሥርዓት አለ ከተባለ ወዲያ ነው። እዚህ የምመለከተው ሲኖሎጂ የተባለው ኩባንያ የሚሠራውን ማከማቻ ከኤክስት4 ወደ ቢትአርኤፍኤስ ማዛወርን ነው። አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ፦ አዲሱ ፋይል ሲስተም ስለ ፋይሎች ጤንነት መመስከር የሚችለው ከተረከባቸው ቀን ጀምሮ ብቻ ነው። ስለዚህ የዝውውሩ ከባድ ሥራ ከመቅዳቱ በፊት የሚደረገው ማጣራት ነው።

ኤክስት4 ለመደበኛ አገልግሎት የበቃው እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ፣ ከሊኑክስ ከርነል 2.6.28 ጋር ነው። የዘር ሐረጉ እስከ 1993ቱ ኤክስት2 ይዘልቃል። የተፈተነና ጠባዩ የታወቀ ሥርዓት ነው፤ መብራት ድንገት ሲጠፋ ጆርናሉ የማውጫውን መዋቅር ያተርፋል። ከ2012 ወዲህ ለሜታዳታው (ስለ ፋይሎቹ ለሚይዘው መረጃ) ቼክሰም፣ ማለትም ከይዘቱ ተሰልቶ የሚያዝ አሻራ፣ መያዝም ተችሏል። ለፋይሉ ይዘት ግን አሻራ አይመዘግብም። ዲስኩ የተበላሸ ባይት እንደ ደህና አድርጎ ከመለሰለት ኤክስት4 ሳይጠራጠር ለባለቤቱ ያስረክባል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ሥጋት አይደለም። የዊስኮንሲንና የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ከኔትአፕ ባልደረቦቻቸው ጋር በ2008 ባወጡት ጥናት 1.53 ሚሊዮን ዲስኮችን ለ41 ወራት ተከታትለው ከ400,000 በላይ የቼክሰም አለመጣጣሞች አግኝተዋል። ርካሾቹ፣ ለቤት ከሚገዙት ጋር የሚቀራረቡት ዲስኮች፣ ለትልልቅ ድርጅቶች ከሚሠሩት ይልቅ በአሥር እጥፍ ገደማ ለችግሩ የተጋለጡ ሆነው ተገኝተዋል። ለቤተሰብ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንድ የጄፔግ ፎቶ ያሳያል። ከሚሊዮኖቹ ቢቶች አንዱ ቢገለበጥ ፎቶው እስከዚያ መስመር ድረስ ደህና ሆኖ ከዚያ በታች ያለው ቀለሙ ሊለወጥ ወይም ምስሉ ወደ ጎን ሊንሸራተት ይችላል። በዝርዝሩ ላይ የምትታየው ትንሿ ቅድመ እይታ ግን ቀድማ ተሠርታ የተቀመጠች ስለሆነች ጤነኛ ትመስላለች። የፋይሉ መጠንም ቀኑም አልተለወጠም። ጉዳቱ የሚታወቀው አንድ ሰው ፎቶውን ከፍቶ ሲያየው ነው፤ ያ ደግሞ ከአሥር ዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል።

ቢትአርኤፍኤስን ክሪስ ሜሰን በኦራክል ሳለ በ2007 ጀመረው፤ በ2009 ከከርነል 2.6.29 ጋር ወጣ። የይዘት አሻራ መያዝን ከማንም በፊት በሰፊው ያሳየው የሰን ማይክሮሲስተምስ ዜድኤፍኤስ ነው፤ የፈቃድ ውሉ ከሊኑክስ ፈቃድ ጋር ስለማይስማማ ግን ከከርነሉ ውጭ ቀርቷል። ቢትአርኤፍኤስ ለእያንዳንዱ 4 ኪሎባይት ይዘት ቼክሰም አስልቶ ለብቻው ያስቀምጣል፤ ፋይሉ በተነበበ ቁጥር ያመሳክራል። ካልገጠመ የተበላሸውን አያስረክብም፤ በሌላ ዲስክ ላይ ደህና ቅጂ ካለ ከዚያ ይጠግናል። አዲስ ነገር ሲጽፍም በአሮጌው ላይ አይደርብም፣ ሌላ ቦታ ይጽፋል፤ ስናፕሾት (የፋይሎችን የአንድ ቅጽበት ሁኔታ መያዝ) ቀላልና ፈጣን የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ታሪኩ እንከን አልባ አይደለም። ብዙ ዲስኮችን አስተባብሮ ከዲስክ ብልሽት በሚከላከለው ሬይድ፣ በራሱ ሬይድ 5 እና 6 ላይ፣ ያለው ድክመት የታወቀ ነው፤ ሬድ ሃት ከ8ኛው የኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ እትሙ አስወጥቶታል፣ ፌዶራ በአንጻሩ በ2020 ለዴስክቶፕ መደበኛ አድርጎታል። ሲኖሎጂ ሬይዱን ለሊኑክስ ነባር የሬይድ ሥርዓት ትቶ ቢትአርኤፍኤስን ከላይ ስላስቀመጠው ያ ድክመት እዚህ አይነሣም። ለቤት ይህን ምርጫ ተገቢ አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

የብዙዎች ስሕተት የሚጀምረው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ቼክሰሙ የሚሰላው ፋይሉ በአዲሱ ቮልዩም (ፋይል ሲስተሙ በተዘረጋበት የማከማቻ ክፍል) ላይ በሚጻፍበት ቅጽበት ነው። በኤክስት4 ዘመን የተበላሸ ፎቶ ሲቀዳ ቢትአርኤፍኤስ የተበላሸውን እንዳለ ተቀብሎ «ትክክለኛ» ብሎ ይመዘግባል፤ ከዚያ በኋላ ብልሽቱን በታማኝነት ይጠብቃል። ዕቃውን ሳይፈትሽ የዕቃ መረከቢያውን ሞዴል 19 በሚቆርጥ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ዘንድ ሰነዱ የተሟላ፣ ዕቃው የተሰበረ ሆኖ እንደሚቀር ማለት ነው። በተራ ሊኑክስ ላይ ኤክስት4ን እዚያው በቦታው ወደ ቢትአርኤፍኤስ የሚለውጥ መሣሪያ አለ፤ እሱም ቢሆን አሻራውን የሚያሰላው በዕለቱ ዲስኩ ላይ ካገኘው ይዘት ነው።

የሲኖሎጂ ሥርዓት እንዲህ ያለ ቀጥተኛ ለውጥ አይፈቅድም። ፋይሎቹ ወደ ውጭ ይቀዳሉ፣ ቮልዩሙ ይሰረዛል፣ በቢትአርኤፍኤስ እንደ አዲስ ይፈጠራል፣ ፋይሎቹ ይመለሳሉ። ቮልዩሙ ከተሰረዘ በኋላ ሬይድ የሚባል መከታ የለም፤ የቤተሰቡ ታሪክ በሙሉ በውጭ ዲስኩ ላይ ብቻ ነው ያለው። ሁለት የተለያዩ የውጭ ዲስኮች የሌሉት ሰው ዝውውሩን ቢያቆየው ይሻላል እላለሁ፤ ኤክስት4 ላይ መቆየት አደጋው ከዚህ ያንሳል። ጊዜውንም አስቀድሞ ማስላት ያስፈልጋል። 4 ቴራባይት በጊጋቢት ኔትወርክ፣ በሰከንድ 110 ሜጋባይት ገደማ እየሄደ፣ ወደ 10 ሰዓት ይፈጃል፤ በአሮጌ ዩኤስቢ 2 ከሆነ አንድ ቀን ተኩል ገደማ ነው። መልሶ ማንበቡና ማመሳከሩ ይህንኑ ያህል ይጨምራል። አዲስ አበባን በመሰለ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህን ያለ ዩፒኤስ መጀመር አይገባም፤ ዩፒኤሱም በዩኤስቢ ከሣጥኑ ጋር መገናኘት አለበት፣ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሣጥኑ ራሱን በሥርዓት እንዲያጠፋ።

ማጣራቱ እንዲህ ይሠራል። አሮጌው ቮልዩም ሳይነካ የእያንዳንዱ ፋይል የሻ-256 አሻራ ይሰላና ዝርዝሩ በጽሑፍ ፋይል ይቀመጣል። ቀጥሎ በሌላ ቦታ ያሉ የቆዩ ቅጂዎች ይፈለጋሉ፦ የዛሬ ስምንት ዓመት የተቀዳ የውጭ ዲስክ፣ የሠርግ ቪዲዮ አንሺው የሰጠው ዲቪዲ፣ ውጭ አገር ያለ ወንድም የወሰደው ቅጂ። በቴሌግራም በተለመደው መንገድ የተላከ ፎቶ ለዚህ አይረዳም፤ ሲላክ ስለሚጨመቅ አሻራው ፈጽሞ አይገጥምም። ስሙ፣ መጠኑና ቀኑ አንድ ሆኖ አሻራው የተለያየ ፋይል ከተገኘ ከሁለቱ አንዱ ሳይታወቅ ተበላሽቷል። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት የቅጂ መሣሪያ አርሲንክ በመደበኛ አሠራሩ መጠንና ቀን ከገጠመለት ፋይሉን ሳይከፍት ያልፋል፤ ማለትም የምንፈልገውን ብልሽት ነው የሚያልፈው። ይዘቱን እንዲያነብ ተለይቶ መታዘዝ አለበት። ከሁለቱ ቅጂዎች የትኛው ደህና እንደሆነ ግን አሻራው አይናገርም፤ ሁለቱንም ከፍቶ ማየት የሰው ሥራ ነው።

በአማርኛ ስም የሚሰይሙ ቤተሰቦችን የሚመለከት ሌላ ጉዳይ አለ። ኤክስት4ም ሆነ ቢትአርኤፍኤስ ለአንድ የፋይል ስም የሚፈቅዱት 255 ባይት ነው። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ ይህ 85 ፊደል ማለት ነው፤ የዊንዶውሱ ኤንቲኤፍኤስ በአንጻሩ 255 ፊደል ይቀበላል። ስለዚህ ከዊንዶውስ የመጣ ረጅም የአማርኛ ስም ማከማቻው ላይ ላይገባ ይችላል። ብዙዎች በዝውውሩ አጋጣሚ የሚጨምሩት የተመሰጠረ ፎልደር ገደቡን የባሰ ያጠባል፤ እዚያ የሚፈቀደው 143 ባይት ብቻ ነው። «የእማማ ሰማንያኛ ዓመት የልደት በዓል በቤተሰብ መካከል ሲከበር የተቀረጸ ቪዲዮ ክፍል ሁለት» የሚለው ስም 46 ፊደልና 11 ክፍት ቦታ አለው፤ በድምሩ 149 ባይት ነው፣ ቅጥያው ሳይጨመር። ቅጂው ሌሊቱን ሠርቶ ሲያድር ይህ ፋይል ከሺዎች መካከል በአንድ የስሕተት መስመር ብቻ ተጠቅሶ ይቀራል። በእንግሊዝኛ የሚሰይም ሰው ይህ ገደብ ብዙ ጊዜ አይታወቀውም፤ ለእኛ ግን አንድ ተራ ዐረፍተ ነገር ይበቃዋል። መፍትሔው ስሞቹን ቀድሞ ማሳጠር፣ ወይም ሲኖሎጂ በ2023 ከሥርዓቱ 7.2 እትም ጋር ያመጣውን የሙሉ ቮልዩም ምስጠራ መጠቀም ነው፤ በእሱ የ143ቱ ገደብ የለም።

አዲሱ ቮልዩም ከተፈጠረ በኋላ ደግሞ በቀላሉ የሚዘለል ምርጫ አለ። በሲኖሎጂ የይዘት ቼክሰም ለእያንዳንዱ የጋራ ፎልደር፣ ፎልደሩ ሲፈጠር ምልክት በማድረግ የሚፈቀድ ነው፤ በኋላ መጨመር አይቻልም። ምልክቱን ሳያደርግ ያለፈ ሰው የተዛወረበትን ዋና ጥቅም አላገኘም። ለዳታቤዝና ለቪርቹዋል ማሽን አለማድረጉ ይመከራል፣ ፍጥነታቸውን ይጎዳልና፤ ለፎቶና ለሰነድ ግን የግድ ነው። ማከማቻው አንድ ዲስክ ብቻ ካለው ቼክሰሙ ብልሽቱን ይናገራል እንጂ የሚጠግንበት ቅጂ የለውም።

ፋይሎቹ ከተመለሱ በኋላ አሻራቸው ከአዲሱ ቮልዩም ላይ ዳግም ይሰላና ቀድሞ ከተያዘው ዝርዝር ጋር ይመሳከራል፤ የጎደለና ያልገጠመ በስሙ ይወጣል። ከዚያ የመጀመሪያው የመረጃ ፍተሻ ይካሄዳል፤ ቀጣዮቹም በየጥቂት ወሩ በራሳቸው እንዲሄዱ ይደረጋል፤ ማንም የማይከፍተው ፋይል የሚነበበው በዚህ ብቻ ነውና። የውጭ ዲስኮቹ ይህ ሁሉ እስኪያልቅ ተነቅለው ይቀመጣሉ፣ አንደኛው ቢቻል በሌላ ቤት። የአሻራ ዝርዝሩ ቅጂም ከእነሱ ጋር ይቀመጣል፤ ከዓመታት በኋላ አንድ ፎቶ አጠራጣሪ ሆኖ ቢገኝ ብልሽቱ ከዝውውሩ በፊት ይሁን በኋላ የሚለየው በዚያ ዝርዝር ነው።