በሰይፉ ብረት ላይ የተጻፈው ስም

ሰይፍ በሙዚየም መስተዋት ውስጥ ሲታይ ዓይን አስቀድሞ የሚያርፈው በጌጡ ላይ ነው። ጽሕፈቱን የሚያነብ ተመልካች ጥቂት ነው፤ የሠራው ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅም ከዚያ ያነሰ ነው።

የኦቶማን ቱርኮች ሰይፍ ለዚህ ጥያቄ መልስ አያጣም። አሕመድ ተከሉ የተባለው አንጥረኛ ለሱልጣን ሱሌይማን የሠራው ያታጋን የተባለው አጭር ሰይፍ በኢስታንቡል በቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ይገኛል። በብረቱ ላይ ዘንዶና የተረት ወፍ በወርቅ ተሠርተው ሲተናነቁ ይታያሉ። ብረቱ በስል መሣሪያ ከተቦረቦረ በኋላ ወርቁ በቦይው ውስጥ በመዶሻ ይቀጠቀጣል፤ ትዕግሥት የሚፈትን ሥራ ነው። ከጌጡ ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን የሠሪው ስም ከንጉሡ ስም ጋር አብሮ መጻፉ ነው። ዘመኑ 933 ዓመተ ሒጅራ፣ ማለትም 1519 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይህም ከሽንብራ ኩሬ ጦርነት ሁለት ዓመት ቀድሞ መሆኑ ነው።

የቱርክ መሣሪያ ወደ አገራችን የደረሰው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። በ1534 ዓ.ም. ኢማም አሕመድ ፖርቱጋሎችን በወፍላ ድል ያደረገው በቱርክ ነፍጠኞች ረዳትነት ነበር። በ1868 ዓ.ም. ደግሞ በጉንደትና በጉራ ከተሸነፈው የግብፅ ጦር ብዙ መሣሪያ ተማርኳል።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መኳንንቱ የታጠቁት ጎራዴ ግን መልኩ ሌላ ነው። ብረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከጀርመን አገር፣ ከዞሊንገን ከተማ የመጣ ነበር። አንበሳው፣ ዘውዱና «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው ቃል የተቀረጹት እዚያው በአሲድ ነው፤ የፋብሪካው ምልክትም በእጀታው አጠገብ ታትሞ ይገኛል። የአውራሪስ ቀንዱን ጠርቦ እጀታ ያደረገው፣ አፎቱን በቆዳና በብር ያስጌጠው የአገር ባለሙያ ስም ግን የለም።

ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ሰይፉ ሲከበር ሠሪው ቀጥቃጭ፣ ጠይብ፣ ቡዳ እየተባለ ይናቅ ነበር፤ በብዙ ሥፍራም ርስት አይሰጠውም ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው ምክንያት መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ ምላስን ለመግታት ታስቦ ነበር፤ ስምን በብረት ላይ ማስጻፍ ግን አልቻለም።

ስለሆነም የግዕዝ ፊደል ያለበትን ጎራዴ ሁሉ የኢትዮጵያ ሥራ፣ ጽሕፈት የሌለውን ሾተል ደግሞ ተራ ዕቃ አድርጎ መመዝገብ ትልቅ ስሕተት ነው። ከሾተሎች ብዙዎቹ፣ ያ ማጭድ መሰል ብረታቸው ጭምር፣ በአገር ቀጥቃጭ ወናፍ የተሠሩ ናቸው።